ጥሩው ብልሽት

«ልጄ፣ ይኼማ ተበላሽቷል» አሉኝ ጋሼ።

ጊታሬን ሰክቼ አንድ ኮርድ መትቼ ነበር። ድምፁ እየተንተከተከ ሄዶ ድንገት ቁርጥ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘነበሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተበላሸ ነገር ለመለየት ሁለተኛ ኮርድ አያስፈልጋቸውም።

«አዎ ጋሼ፤ ግን እንዲበላሽ ነው የምፈልገው።»

«እ?»

«ማለቴ… መበላሸት አለበት። ግን እንዲህ አይደለም።»

አዩኝ። ቡና ይዛ የመጣችው ልጃቸውም በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ቦታው መለሱና «እሺ፣ እንዴት ሆኖ ይበላሽልሽ?» አሉ።

ስምንት ወር ሙሉ ራሴን ስጠይቅ የከረምኩት ይህንኑ ነበር። እንዲህ አሳጥሮ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

* * *

አምፑ የወንድሜ ነው። ወንድምዬ ከኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል። በሆቴልና በምሽት ክበብ ባንዶች ጊታር ይጫወት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። ሲሄድ ጊታሩን ለኔ ሰጠኝና አምፑን «ሽጪው፣ ድምፁ ሞቷል» አለኝ። አልሸጥኩትም። በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ዓመታት ተኛ።

ስለ ሮክ የነገረኝም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበም ሲወጣ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እኔ ጆሮ ውስጥ ከትተን ሰማን። በአማርኛ እየተዘፈነ ጊታሩ እንዲያ ሲጮህ መስማት ለኔ አዲስ ነገር ነበር። «ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?» አልኩት። «ዲስቶርሽን» አለኝ፣ ልክ የዘመድ ስም እንደሚጠራ ሰው።

ካደግኩ በኋላ እኔም ባንድ ገባሁ። አምፑን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። 50 ዋት ነው፤ ከኋላው ሁለት ትላልቅ ኢኤል34፣ ከጎናቸው አራት ትናንሽ 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች አሉት። እናቴ «አምፖሎቹ» ትላቸዋለች። ሲበሩ ያምራሉ። ድምፃቸው ግን አያምርም። ዝግ ብዬ ስጫወት ደህና ነው። ጌይኑን ከፍ አድርጌ ስመታ ግን የጋለ ዘይት ላይ ውኃ ጠብ እንዳለበት ይንጨረጨራል። ረዘም አድርጌ የያዝኩት ኖታ ቀስ ብሎ በመሞት ፈንታ ተሰነጣጥቆ ይወድቃል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ከላይ አንድ ኖታ ስጫወት ከሥሩ ያልነካሁት ሌላ ድምፅ ያላዝናል። ከኔ ጋር አይወጣም፣ ከኔ ጋር አይወርድም፣ ከቅኝቱ ውጪ ነው።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ የባንዳችን መሪ እጁን አነሳና ሁሉንም አስቆመ። «አምፑ ምንም አልሆነም» አለኝ፤ «እጅሽ ነው። ዲስቶርሽን ስህተት አይሸፍንልሽም።»

ሌሎቹ ወደ መሬት አዩ። እኔም አመንኩት። በባንዱ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ስትሆኑ «እጅሽ ነው» ሲሏችሁ ለማመን ብዙ ጊዜ አይፈጅባችሁም።

* * *

ቆይ፣ ዲስቶርሽን ማለት ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ቲዩብ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውስጡ የሚግል ክር አለ። ክሩ ሲያሞቀው አንደኛው ብረት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ከፍተኛ ቮልት ያለው ሌላው ብረት ደግሞ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። በመሃላቸው እንደ በር ጠባቂ የቆመ ፍርግርግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1906 ሊ ደ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ ያቺን ፍርግርግ አስገባባት። ከጊታሬ የሚወጣው ደካማ ድምፅ ፍርግርጓን ሲነቀንቃት በበሩ የሚያልፈው ትልቁ ጅረት አብሮ ይነቃነቃል። ማጉላት ማለት ይኼው ነው።

ግን በሩ ልክ አለው። የጠዋት ታክሲ አስቡ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራተኛው ይገባል። ሁሉም ትከሻውን ያጠብባል፣ ቅርጹን ይቀይራል፣ ግን ይገባል። ቲዩብም ከአቅሙ በላይ ድምፅ ሲመጣበት ሞገዱን አናቱ ላይ ይጫነዋል፣ ያጎብጠዋል። የጎበጠው ሞገድ ድሮ ያልነበሩትን ከፍ ከፍ ያሉ ድምፆች አብሮ ይወልዳል። አንዷ ኖታ ወፍራም፣ ሻካራ፣ የምትቆይ ትሆናለች። ትራንዚስተር ከአቅሙ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ ያደርገዋል። ትራንዚስተር ከመጣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ጊታር ተጫዋቾች እነዚህን ብልቃጦች ያልተዉት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የሚሠሩባቸው አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ዋነኞቹ ናቸው።

ድምፁን የፈለሰፈው መሐንዲስ አይደለም፤ ብልሽት ነው። ሊንክ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1958 ለወጣው «ራምብል» የአምፑን ስፒከር በእርሳስ ወጋጋው። የኪንክስ ባንዱ ዴቭ ዴቪስ «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» በ1964 ከመቀረጹ በፊት የትንሿን አምፑን ስፒከር በምላጭ ተለተለው። ሰዎቹ የገዛ ዕቃቸውን ሆን ብለው አበላሹ፤ ግን የፈለጉትን ያህል ብቻ።

የኔ ችግርም ይኼው ነበር። አምፔ ተበላሽቷል ማለት ለማንም አይገባም፤ ሥራው መበላሸት ነውና። ጥሩውን ብልሽት ከመጥፎው መለየት ነበረብኝ።

* * *

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መቀየር ነው። አዲስ ክር አሰርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ፔዳል ተዋስኩ፣ ያሉትን ቁልፎች በሙሉ አዞርኩ። ድምፁ ትንሽ ተለወጠ። ምኑ እንደለወጠው ግን አላወቅኩም። በማግስቱ ደግሞ ወደ ድሮው ተመለሰ።

ከዚያ ደብተር ገዛሁና ሕግ አወጣሁ፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ስሚ፣ ጻፊ፣ ወደ ቦታው መልሺ።

ፔዳሎቹን በሙሉ አውጥቼ ጊታሩን በአንድ ገመድ በቀጥታ አምፑ ላይ ሰካሁ። ያው ነው። ገመዱን ቀየርኩ። ያው ነው። የሌላ ሰው ጊታር ሰካሁ። ያው ነው። «ጊታር፦ ነጻ። ገመድ፦ ነጻ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ስፒከሩ። በስልኬ መብራት ወረቀቱ የተቀደደ እንደሆነ አየሁ። መሃሉን በሁለት እጄ ጣቶች እኩል ቀስ አድርጌ ተጫንኩት፤ ውስጡ ያለው ጥቅልል ከብረቱ ጋር የሚፋተግ ከሆነ ሸክ ሸክ ይላል። ምንም አላለም። ለማረጋገጥ ልምምድ ቤት ካለው ሌላ ስፒከር ጋር አገናኘሁት፤ ኦሙ መመሳሰሉን አይቼ፣ አምፑ ጠፍቶ ሳለ። (ይቺን ልብ በሉ፤ የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር አይበራም፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።) ያው ነው። ስፒከር፦ ነጻ።

ከዚያ ትናንሾቹ ቲዩቦች። አንድ ደህና መሆኑን የማውቀው 12ኤኤክስ7 ነበረኝ። አምፑን አጥፍቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ በየተራ አንዱን አውጥቼ እሱን አስገባሁ። አምፑ እንደበራ እያንዳንዱን በእርሳስ መታ መታ አደረግኩ። የመጀመሪያው እንደ ደወል ጮኸ። ቀየርኩት። ጌይኑን ስከፍት የነበረው ፉጨት ጠፋ፤ መንጨርጨሩና ማላዘኑ ግን የትም አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር የገባኝ። አምፑ ከኋላው «ሴንድ» እና «ሪተርን» የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። እነዚህ ቀዳዳዎች አምፑን ለሁለት ይከፍሉታል፤ የፊተኛው ግማሽ ድምፁን ይቀርጻል፣ የኋለኛው ግማሽ ያገዝፋል። የጓደኛዬ የትራንዚስተር አምፕም እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ነበሩት። የኔን ሴንድ ወደሱ ሪተርን ሰካሁ። የኔ ፊት፣ የሱ ጀርባ ማለት ነው።

አንድ ኮርድ መታሁ።

ወፍራም ነበር። ሻካራ ነበር። እስክሰለች ድረስ ቆየ። አላላዘነም።

ደግሜ መታሁ። ጓደኛዬ ስልኩን አስቀምጦ «ይሄ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ያው ጊታር፣ ያው እጅ። ገመዱን አዙሬ የሱን ፊት ከኔ ጀርባ ጋር አገናኘሁት፤ መንጨርጨሩ ተመለሰ። ደብተሬ ላይ «ከኋላ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ቆይቼ፣ በትንሽ ፊደል፣ «እጄ፦ ነጻ» አልኩ። ወዲያው የጥያቄ ምልክት ጨመርኩበት።

* * *

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከደብተሩ ወጣ። ገጾቹን ሳገላብጥ «ዛሬ በጣም ብሷል» ያልኩባቸው ቀናት ሁሉም ቅዳሜ ሆኑ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሕንፃችን እንጀራ የማይጋግር ቤት የለም። ቴስተር ተዋስኩና ሶኬቱን ለካሁ። ማክሰኞ እኩለ ቀን 221 ቮልት ነበር። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ምጣዶቹ ሁሉ ሲጋሉ 184። የቲዩቦቹ ክር 6.3 ቮልት ማግኘት አለበት፤ ከሶኬቱ 184 ሲመጣ ግን 5 አካባቢ ነው የሚደርሰው። ክሩ ካልጋለ ኤሌክትሮን የለም። ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልለማመድ ስቀመጥ አምፔ ከመላው ሕንፃ ምጣድ ጋር እየተሻማ ነበር።

ለእናቴ ነገርኳት። ሊጡን እያሰፋች «ታዲያ ላንቺ ጊታር ብለን እንጀራ ይቅር?» አለችኝ። ስታብላይዘር ገዛሁ። ቅዳሜው እንደ ማክሰኞ ሆነ። ማክሰኞው ግን ያው መጥፎ ነው። አንድ ምክንያት አገኘሁ ማለት ምክንያቱን አገኘሁ ማለት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው የአምፑ ሆድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ እጄን አልሰድም። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ገመዱ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ሰው ይገድላል። የቲዩብ ራዲዮ የሚያውቅ ሰው ስጠይቅ ጋሼን ጠቆሙኝ። ሱቃቸው ፒያሳ ነበር። ስሄድ ሱቁ ብቻ ሳይሆን መደዳው ሁሉ ፈርሷል። ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ስልካቸውን አገኘሁ። አሁን ኮልፌ፣ ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ይሠራሉ። አምፑን በታክሲ ይዤ ሄድኩ፤ ለሁለት ሰው ከፈልኩ።

* * *

«እንዴት ሆኖ ይበላሽልሽ?» ላሉኝ ያን ቀን በቃል መመለስ አልቻልኩም። በስልኬ ዘፈን አሰማኋቸው። ከዚያ ከጓደኛዬ አምፕ ጀርባ ጋር የቀረጽኩትን። ከዚያ የኔን። ጋሼ ሦስቱንም ሰምተው «ሁለተኛው ይጮሃል፤ ሦስተኛው ያማል» አሉ። ከዚያ የተሻለ ምርመራ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ከፈቱት። መጀመሪያ በወፍራም ሬዚስተር ካፓሲተሮቹን አራገፉና ባዶ መሆናቸውን ለኩ። ከዚያ ሲያበሩት «አንቺ ግራ እጅሽን ከኋላሽ አድርጊ» አሉኝ፤ እሳቸውም የራሳቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በሁለት እጅ የነካ ሰው፣ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ በልቡ ላይ ነው የሚያልፈው።

«እነዚህን ሁለቱን ማን ቀየራቸው?» አሉ ኢኤል34ዎቹን እያዩ። «ሌላው ሁሉ አሮጌ ነው፤ እነዚህ አዲስ ናቸው።»

«አላውቅም።»

«የቀየራቸው ሰው ሳያስተካክል ነው የተዋቸው።»

በእያንዳንዱ ሥር አንድ ኦም የሆነች ሬዚስተር በየዱና በላይዋ ያለውን ለኩ። በአንድ ኦም ላይ አንድ ሚሊቮልት ማለት አንድ ሚሊአምፔር ስለሆነ ንባቡ ቀላል ነው። 14 ይላል። ቲዩቦቹ 440 ቮልት ላይ ነበሩ። ኢኤል34 ከ25 ዋት በላይ አይችልም፤ ሳይጫወቱ ዝም ብሎ ሲቆም ደግሞ ከዚያ 70 በመቶውን ባያልፍ ይመረጣል። ስታሰሉት ወደ 40 ሚሊአምፔር ይመጣል። የኔዎቹ የዚያ ሲሶ ላይ ናቸው። በርዷቸዋል።

«ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ ጋሼ። «አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች። እነዚህ ሁለቱም እንደዚያ ናቸው። አንዱ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ ይሠራል፣ ሌላው የታችኛውን። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መጀመር አለበት። ሲበርዳቸው አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ገና አልተነሳም፤ መሃል ላይ ክፍተት አለ። የሚንጨረጨረው እሱ ነው።»

ኖታው ሲሞት የሚሰነጣጠቀው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ክፍተቱ ከድምፁ የበለጠ ይሆናል። ጋሼ ትንሿን ቁልፍ በጠመንጃ መፍቻ ቀስ እያደረጉ አዞሩ፤ 20፣ 28፣ 36። «አቁም» አሉ ለራሳቸው። ክፍሉን አጨልመው ቲዩቦቹን ዐዩ፤ ከመጠን በላይ ቢጫኑ ውስጣቸው ያለው ብረት ይቀላል። አልቀላም።

መታሁ። መንጨርጨሩ የለም። ድምፁ ትከሻ አወጣ። ልጮህ ነበር። ከዚያ ሁለተኛዋን ክር አሥረኛው ፍሬት ላይ ይዤ ሳብኳት፤ ከሥር ያ ማላዘን መጣ። ሌላው ሁሉ ስለጠራ እንዲያውም በደንብ ይሰማል።

ጋሼ ሳይናገሩ አምፑን ገለበጡና ትልቁን ካፓሲተር በጣታቸው ዳሰሱት። አናቱ አብጧል። ከሥሩ ቡናማ ነገር አንጠባጥቦ ደርቋል።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄ ካፓሲተር ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሮቶ ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ እኛ ቀኑን ሙሉ ከሮቶው እንቀዳለን። ከግድግዳው የሚመጣው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታረም በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመጣ ግፊት ይሆናል። ካፓሲተሩ ያጠራቅመውና ለቲዩቦቹ ለስላሳ አድርጎ ያድላል። ሲያረጅ ውስጡ ይደርቃል፤ ሮቶው ወደ ጆግ ይለወጣል። ዝግ ብዬ ስጫወት ጆጉ ይበቃል። ጠንክሬ ስመታ ግን ያ 100 ድምፄ ውስጥ ይገባል፤ ከያዝኩት ኖታ ጋር ይደመራል፣ ይቀነሳል። 440 ስይዝ 340 እና 540 ይወለዳሉ፤ ክሩን ስቤ 494 ሳደርሰው ደግሞ 394 እና 594። በየትኛውም ቅኝት የማይገኝ፣ ከኔ ጋር የማይስማማ ጥላ። ይከተለኛል፣ ግን በራሱ እርምጃ።

«እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቮልት የሚችል እዚህ አላገኝልሽም» አሉ ጋሼ። «ውጪ ሰው አለሽ?»

* * *

ወንድምዬን በቴሌግራም ደወልኩለት። ዱለስ አየር ማረፊያ መኪና ውስጥ ሆኖ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር።

«ካፓሲተር ትልክልኛለህ? 50 ማይክሮፋራድ፣ 500 ቮልት። አራት።»

«ለምንሽ?»

«ለአምፑ።»

ዝም አለ። «አልሸጥሽውም እንዴ?»

«አልሸጥኩትም። ምን እንደሆነ አገኘነው። ከላይ ስጫወት ከሥር የሚያላዝን ነገር ነበረው…»

«ከቅኝት ውጪ» አለኝ። «ስትስቢው ብቻውን የሚሄድ።»

አሁን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

የነገረኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። በመጨረሻው ዓመት ነው መስማት የጀመረው። መጀመሪያ ቅኝቱ መሰለው፤ በየዘፈኑ መሃል ይቃኝ ጀመር። አንድ ማታ ሆቴሉ ውስጥ እየተጫወተ ዘፋኟ ዞራ አየችው። ያቺን አስተያየት አይረሳትም። ከዚያ ቲዩቦቹ ይሆናሉ ብሎ ካለው ላይ ቆጥቦ ሁለት ኢኤል34 ከጀርመን በሰው አስመጣና ራሱ ቀየራቸው። ባሰበት። «አዲስ ገብቶም ከባሰ፣ በቃ፣ ወይ ጆሮዬ ወይ እጄ ሄዷል አልኩ» አለኝ። ዲቪው የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው።

«ባይሆን ኖሮ ትቀር ነበር?» ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደረሰ። ተውኩት። የሰው ሕይወት በአንድ ካፓሲተር አይወሰንም፤ ምጣዱም፣ ባየሱም፣ ካፓሲተሩም እኩል ጥፋተኛ በሆኑበት አምፕ ላይ ስምንት ወር ከሠራሁ በኋላ ይህን ባላውቅ ኖሮ ምን ተማርኩ? ግን ሌላም ነገር አውቃለሁ። ከሄደ ጀምሮ ጊታር አልነካም። ጊዜ አጥቶ ነው እያልን ነበር።

«ተሳፋሪ መጣ» አለኝ። ዘጋው።

* * *

ካፓሲተሮቹ በሁዳዴ ጾም መጡ፣ ሻንጣ ውስጥ ከቫይታሚንና ከሽቶ መሃል። ጋሼ ብየዳቸውን እስኪያግል በረንዳው ላይ ያለው ራዲዮ በገና ያሰማል። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ስሚው እስቲ። ይኼ ደህና ነው ወይስ የተበላሸ?»

በሕይወቴ ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው። ያን ቀን ግን አዳመጥኩት። ይነዝራል። እያንዳንዱ ክር ከኖታው ጋር ሌላ ሻካራ ነገር ይዞ ይመጣል።

«ከክሩና ከብርኩማው መሃል ቁራሽ ቆዳ አለ፤ እንዚራ ይባላል» አሉኝ። «አሥር ክር፣ ለየክሩ አንድ። ክሩ ቆዳውን እየነካ ነው እንዲያ የሚነዝረው። ትንሽ ፈቀቅ ስታደርጊው ይታፈናል፤ ወዲህ ስታመጪው ይደርቃል። ብታወጪው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሻል፣ በገና ግን አይሆንም። በገና ደርዳሪ ከመደርደሩ በፊት ተቀምጦ እሱን ያስተካክላል።» ከዚያ ብየዳውን አነሱ። «ያን ቀን እንዲበላሽ እፈልጋለሁ ስትይኝ እብድ መስለሽኝ ነበር። ለካ እንዚራውን አስተካክልልኝ ነው ያልሽኝ።»

ካፓሲተሮቹን ቀየሩ፤ ጫፍና ጫፋቸውን እንዳያቀያይሩ ሁለት ጊዜ አይተው። ቮልቱ ትንሽ ከፍ ስላለ ባየሱን እንደገና ለኩና ወደ 36 መለሱት። ሁለተኛዋን ክር አሥረኛው ፍሬት ላይ ይዤ ሳብኳት።

ከሥሯ ማንም የለም።

አሁን አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር ልናዘዝ። ጥላው ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ቤት ወስጄ ስጫወት ክር ስስብ ኖታዬ ሙሉ በሙሉ እንደማይደርስ ሰማሁ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያልያዝኳቸው ክሮች በቀኝ እጄ ስለማላፍናቸው አብረው ይጮሃሉ። ይሄን ሁሉ ብልሽቱ ሸፍኖልኝ ነበር። የባንዱ መሪ ግማሹን ልክ ነበር። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም ነበር። አሁን እኔ አውቃለሁ። ጌይኑን ከ8 ወደ 5 ዝቅ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የራስን ጥፋት ብቻ መሸከም ቀላል ነው፤ ቢያንስ ልክ አለው።

ለወንድምዬ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነበር፣ ገና ከሥራ መግባቱ ነው።

«አስገባነው» አልኩት።

«ሁለተኛዋን ክር ያዢ» አለኝ። «አሥረኛው ላይ። ሳቢያት።»

ስልኩን ስፒከሩ ፊት አቆምኩና ሳብኳት። ያዝኳት። ቀስ ብላ እስክትሞት ለቀቅኳት።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«የለም» አለ። ቆየ። «የለም፣ ሚጣ።»

ከዚያ ብዙ አላወራንም። ስንት እንዳስከፈሉኝ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጋሼን አመስግኚልኝ አለ። ልንዘጋ ስንል «ቲዩቦቹን ግን ሳላስተካክል ነው የተውኳቸው ያልሺኝ?» አለ።

«14 ላይ ነበሩ።»

«14!» አለና ሳቀ። ከሄደ ጀምሮ ስለ ሙዚቃ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «እና ስንት መሆን ነበረበት?»

ደብተሬን አወጣሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩለት።